ምዕራፍ ሰባት፦ ጀርባው ሳይከፈት

ባለቱቦ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ሕመሙን አይደብቅም። መሃል ላይ በአግድም የቀረ አንድ ብሩህ መስመር፣ ዳር ዳሩ የሚሞገድ ምስል፣ ጥግ ላይ የወጣ ሐምራዊ እድፍ፣ ማለዳ ደብዝዞ ረፋድ ላይ የሚጠራ ፊት፤ እያንዳንዱ በሳጥኑ ውስጥ ወዳለ አንድ የታወቀ ሰፈር ያመለክታል። ይህን ማንበብ የሚችል ጠጋኝ ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል። ማንበብ ያልቻለው ጀርባውን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የሚገድል ነገር አለ። በዚህ ምዕራፍ ምርመራውንና ጥንቃቄውን ለየብቻ ያላስቀመጥኳቸው ስለዚህ ነው። ምስሉን በደንብ ያየ ሰው የሚነካው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የነካም በሰላም ቤቱ ይገባል።

ምሳሌዎቼን የማመጣው ከሉማሜ አካባቢ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ይህች የአዋበል ወረዳ ከተማ ቴሌቪዥንን የሚፈትኑ ነገሮች ሁሉ የተገናኙባት ቦታ ናት፦ የደጋ ብርድ፣ የክረምት እርጥበት፣ የማገዶ ጭስ፣ ሄዶ የሚመጣ መብራት፣ ስስ አየር። ጠፍጣፋው ስክሪን ቢስፋፋም ባለቱቦውን ጨርሶ አላስወጣውም፤ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር ተገጥሞ ሳሎን ውስጥ የሚያገለግል ገና አለ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነበር፤ በጥቁርና ነጭ። መደበኛው የቀለም ስርጭት የመጣው ኢሠፓ በተመሠረተበትና አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት ወቅት፣ በ1976 ማብቂያና በ1977 መባቻ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ዘንድ የሚመጣው ዕቃ የብዙ ዘመን ነው፤ ከጥቁርና ነጩ ጀምሮ የመጨረሻው ትውልድ ባለሪሞት ከለር ድረስ። ቱቦው ግን በመሠረቱ ያው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ቱቦ ነው።

አሠራሩን እንያዝ። በቱቦው ቀጭን አንገት ውስጥ ሲበራ ብርቱካንማ ሆኖ የሚታይ ትንሽ ማሞቂያ አለ። እሱ ካቶድ የሚባለውን ያግላል፤ ከካቶዱ የወጡት ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልት ተስበው ከፊት መስተዋቱ በስተውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ይመታሉ፤ የተመታው ቦታ ያበራል። ቮልቱ በከለር ቴሌቪዥን 25,000 ገደማ ነው። በአንድ ቅጽበት የሚመታው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ያን ነጥብ መስተዋቱን ሁሉ እንዲያዳርስ የሚያስኬደው አንገቱ ላይ የተጠለቀው የመዳብ ጥቅልል፣ ዮክ፣ ነው። እርሻ ያየ ሰው አካሄዱን ቶሎ ይይዘዋል፦ ትልም በትልም፣ ከላይ ወደ ታች። ልዩነቱ በሬዎቹ ጫፍ ደርሰው ዞረው ሌላ ትልም እያወጡ ይመለሳሉ፤ ጨረሩ ግን ወደ ግራው ጠርዝ የሚመለሰው ጠፍቶ፣ በባዶ ነው። በእኛ አገር በተለመደው ፓል በሚባለው ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመር ሲኖረው በሰከንድ 25 ምስል ይሣላል፤ ይህም በሰከንድ 15,625 መስመር ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ፈጣኑ ጨረሩን ወደ ጎን ያስኬዳል፤ በሰከንድ 15,625 ጊዜ። ዘገምተኛው ወደ ታች ያወርዳል፤ አንዱ ምስል በሁለት ዙር ስለሚሣል በሰከንድ 50 ጊዜ። ፈጣኑ ሌላም ሥራ ደርቦ ይዟል፦ ፍላይባክ የሚባለውን ትራንስፎርመር እየነዳ ያን ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው እሱ ነው። ይህችን አንድ ነገር አጥብቀው ይያዟት፤ ከዚህ በታች ያለው ብዙው ፍርድ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

አሁን ደንበኛ መጣ እንበል። የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው።

«እናቴ፣ ምስሉ የጠፋው ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንዴ?»

«ኧረ በአንዴ ነው የኔ ልጅ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድርግም አለ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ግማሹ ምርመራ አለ። መብራት ሲመለስ ባለ ግፊት የሞተ ዕቃ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኃይል ክፍሉ ወይም ከፍላይባኩ ትራንዚስተር ነው፤ ሁለቱም ሾርት ማድረግ ይወዳሉ። በወራት እየጠበበ፣ እየደበዘዘ ወይም እየተጣጠፈ የመጣ ምስል ደግሞ የደረቀ ካፓሲተር ወይም የደከመ ቱቦ ነው። ሲመቱት የሚመለስ ከሆነ የተሰነጠቀ ብየዳ አለ። ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ ምስሉ በረዶ ብቻ ሆኖ ከቀረና ቤቱ በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የቆመ አንቴና ካለው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቻናል የሚይዘው ክፍል ነው።

ከዚያ ዕቃው ሳይከፈት የሚሞከሩት ይሞከሩ። ሪሲቨሩ በቢጫው ገመድ ተገናኝቶ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ ወደ ሪሲቨሩ ማስተካከያ ገብተው የቀለም ሥርዓቱ ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ተዛውሮ እንደሆነ ይዩ። ልጆች ሪሞት ሲነካኩ ይህ ይደርሳል፤ መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው። ጥግ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ እድፍ ካለ፣ አጠገቡ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተቀምጦ እንደሆነ ይጠይቁ። ከፎስፈሩ ኋላ ሦስቱን ጨረሮች ወደየቀለማቸው የሚለይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት አለ፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ያን ብረት ያማግኔተዋል። ማጉያው ይራቅ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ በዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝና ይብራ። ሲበራ «ዝምም» የሚለው ድምፅ በቱቦው ዙሪያ ያለ ጥቅልል ማግኔቱን ሲያጸዳ ነው። በብዙ ዕቃዎች ይህ ጥቅልል በሪሞት ሲጠፋና ሲበራ አይሠራም፤ ዋናው ማጥፊያ መነካት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ እድፉ ካልለቀቀ ብቻ ጥቅልሉንና የሚቆጣጠረውን ቴርሚስተር መመርመር ይገባል።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ጀርባው ይከፈታል። ከመከፈቱ በፊት የሚደረገውን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ በዚህ ሙያ የሚያሳስበኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነውና።

ሶኬቱ ይነቀል። ማጥፋት መንቀል አይደለም። ከተነቀለም በኋላ ሁለት ነገሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። አንደኛው የኃይል ክፍሉ ትልቁ ካፓሲተር ነው፤ 220 ቮልቱ ተስተካክሎ እዚህ ሲከማች ወደ 310 ይደርሳል። ይህን በካቻቢቴ ቢያገናኙት ብልጭታው ቦርዱንም ዓይንንም ይጎዳል። በሁለት ሽቦ ጫፍ ላይ የተያዘ ተራ የ220 ቮልት አምፖል ለጥቂት ሰከንድ ይነካበት፤ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁለተኛው ቱቦው ራሱ ነው። የቱቦው መስተዋት ከውስጥም ከውጭም በሚያስተላልፍ ጥቁር ቅብ ስለተሸፈነ ሙሉ አካሉ ካፓሲተር ነው፤ ከተነቀለ ከብዙ ሰዓት በኋላ እንኳ ሊመታ ይችላል። መሬት የሚሆነው በቱቦው ጀርባ ላይ ተወጥሮ የሚታየው እርቃን ሽቦ ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ አንድ ሌላ ሽቦ በዚያ እርቃን ሽቦ ላይ ይታሰራል፤ ሌላኛው ጫፉ በረጅም፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ካቻቢቴ ላይ ይታሰራል፤ በመጨረሻ ብቻ የካቻቢቴው ጫፍ ከቱቦው ጎን ባለው የጎማ ቆብ ሥር ቀስ ብሎ ይገባል። ጧ ይላል ወይም ምንም አይልም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይደገም፤ ቱቦው የዋጠውን ቻርጅ ቀስ እያለ መልሶ ያወጣልና። ሽቦው በቦርዱ መሬት ላይ እንዳይታሰር፤ ብልጭታው አይሲዎቹን ይገድላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግራ እጅ ከጀርባ ወይም ከኪስ ይሁን። ኤሌክትሪክ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ካለፈ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ሰዓትና ቀለበት ይውለቅ። በአንገት ማተብ ላይ የብረት መስቀል ያለው ሰው ከሸሚዙ ውስጥ ያስገባው፤ ሲያጎነብሱ ተንጠልጥሎ መጀመሪያ ቦርዱን የሚነካው እሱ ነው። ብቻዎን አይሥሩ፤ አጠገብዎ ያለው ሰውም ሶኬቱ የቱ እንደሆነ ይወቅ።

ሌላው አደጋ ባዶነቱ ነው። በቱቦው ውስጥ አየር የለም፤ ውጭ ያለው አየር ይጫነዋል። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ቢጫንም፣ በ21 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ላይ ብቻ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ክብደት ያርፋል። አንገቱ የቱቦው ደካማ ቦታ ነው። ቱቦ ሲነሣ ፊቱ ወደ ደረት ዞሮ ከታችና ከጎን ይያዛል፤ በአንገቱ ፈጽሞ አይያዝም። አንገቱ ላይ ያለችው ቦርድ ስትወጣም ሳትወዛወዝ ቀጥ ብላ ትሳብ።

ለአሮጌዎቹ ዕቃዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በብዙ ጥንታዊ ቴሌቪዥኖች ሻሲው ከሁለቱ የመብራት መስመሮች በአንዱ ላይ በቀጥታ ያርፋል፤ የኛ ባለሁለት እግር ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ስለዚህ ዛሬ የማይነዝረው ሻሲ ነገ ሶኬቱ ሲገለበጥ ይነዝራል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ለዴክ ወይም ለሪሲቨር ብሎ ጀርባውን በስቶ የኤቪ መሰኪያ መጨመር ሰው መግደያ ማዘጋጀት ነው፤ ቀጥታ መስመሩ በገመዱ ሄዶ የሪሲቨሩን ቆርቆሮና የዲሹን ምሰሶ ይይዛል። በአንቴና መግቢያው በኩል የሚያስተላልፍ ሪሲቨር ወይም ዴክ ይፈለግ።

ፊውዝ ከተቃጠለ በሽቦ አይተካ። ከተጠገነ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ የ100 ዋት ተራ አምፖል በተከታታይ ይገባበት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልወጣም፣ ግን ምንም አልተቃጠለም። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

አሁን ወደ ምስሉ። መሃል ላይ በአግድም አንድ ብሩህ መስመር ብቻ ከቀረ ፍርዱ ቀላል ነው። ብርሃን ስላለ ከፍተኛው ቮልት አለ፤ ቮልቱ ካለ ፈጣኑ ክፍል ይሠራል። የቆመው ዘገምተኛው ነው። ብሩህነቱ ወዲያው ይቀነስ፤ ያ መስመር ፎስፈሩን አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋል። ከዚያ የዘገምተኛው ክፍል አይሲ፣ ወደ እሱ ኃይል የሚያደርሰው አነስተኛ ሬዚስተርና የዮኩ መሰኪያ ይታዩ። አይሲው ስለሚግል እግሮቹ ዙሪያ ያለው ብየዳ በቀለበት መልክ ይሰነጠቃል፤ በማጉያ መነጽር ይታያል። አይሲ ከመግዛት በፊት እነዚያን እግሮች እንደገና መበየድ ብዙ ዕቃ አድኗል። ምስሉ ካልጠፋና ከላይ ብቻ ከተጣጠፈ ወይም ከታች ካጠረ፣ በአይሲው አጠገብ ያለ ካፓሲተር ደርቋል።

መስመሩ ቋሚ ከሆነ ፍርዱ ይጠባል። ፈጣኑ ክፍል ቮልቱን እየሰጠ ጨረሩን ግን አያስኬድም፤ እንግዲህ የተቆረጠው ከፍላይባኩ ወደ ዮኩ የሚወስደው መንገድ ነው፤ መሰኪያው፣ ብየዳው ወይም በመንገዱ ያለው ካፓሲተር። ዕቃው በርቶ እያለ እዚህ ሽቦ መነካካት ክልክል ነው፤ ወደ ሺህ ቮልት የሚጠጋ ምት ይመላለስበታል።

ምስሉ ከግራና ቀኝ ከጠበበና ዳሩ እንደ ወገብ ከተሞገደ የኃይል ክፍሉ ትልቁ ካፓሲተር ደክሟል። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፦ የኃይል ክፍሉን ቮልት ከፍ አድርጎ ምስሉን ማስፋት። አይደረግም። ቮልቱ ሲጨምር የቱቦው ቮልት ይጨምራል፤ ከመጠን ያለፈ የቱቦ ቮልት ኤክስሬይ ይወልዳል። በፍላይባኩ ትራንዚስተር አጠገብ ያሉት ከ1,000 ቮልት በላይ የሚችሉ ካፓሲተሮችም ሲተኩ በልካቸውና በዓይነታቸው ብቻ ይተኩ፤ የቱቦውን ቮልት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ቀለም ሲጎድል የቀረውን ማየት ነው። ቀይ ከጠፋ ምስሉ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል፤ አረንጓዴ ከጠፋ ሐምራዊ፤ ሰማያዊ ከጠፋ ቢጫ። አንገቱ ላይ ባለችው ቦርድ ለሦስቱ ቀለሞች ሦስት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉ፤ ጤነኞቹን ሁለቱን መለኪያ አድርጎ የታመመውን ማወዳደር ነው። መስተዋቱ በሙሉ በአንድ ቀለም በርቶ፣ ቅድም በባዶ ይመለሳል ያልኩት ጨረር ቀጭን ሰያፍ መስመር ሆኖ ከታየ፣ የዚያ ቀለም ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል ወይም በቱቦው ውስጥ ካቶዱና ማሞቂያው ተነካክተዋል። በሦስቱም ቀለም ነጣ ብሎ እንዲሁ ከሆነ ግን ከፍላይባኩ ሁለት ቁልፎች «ስክሪን» የሚባለው ከልክ በላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የከፈተው ከእኛ በፊት የሞከረ ሰው ነው።

የደጋው ልዩ ሕመም ክረምት ላይ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ፊት አይለይም፤ ጽሑፍ አይነበብም፤ ከሩብ ሰዓት ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ እየጠራ ይመጣል። ባለቤቱ ቱቦው አረጀ ብሎ ያዝናል፤ አንዳንድ ጠጋኝም ፍላይባክ ይገዛበታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አይደለም። አንገቱ ላይ የምትሰካው ሶኬት እርጥበት ትጠጣለች፤ ምስሉን የሚያጠራው ቮልት የሚገባበት እግር ጥቂት ሺህ ቮልት ስለሚሸከም በእርጥበቷ በኩል ያፈሳል፣ ይዝጋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ዕቃው ሲግል ሶኬቷ ትደርቃለች፣ ምስሉም ይጠራል። መድኃኒቷ አዲስ ሶኬት ናት፤ ከቴሌቪዥን ውስጥ ከሚገዙት ዕቃዎች ከርካሾቹ አንዷ። ደብረ ማርቆስ ካልተገኘች ከመርካቶ ትመጣለች። የ«ፎከስ» ቁልፍን ማሽከርከር ግን ያታልላል፤ ማለዳ የተስተካከለው ማታ ይበላሻል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው ደግሞ መንጣጣቱ ነው። ከፍተኛ ቮልት አቧራና ጥላሸት ይስባል። እንጀራ በማገዶ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ ዓመታት የቆየ ዕቃ ሲከፈት የጎማ ቆቡ ዙሪያ ጠቁሮ ይገኛል፤ ጥላሸት ሲረጥብ ያስተላልፋል። የጎጃም ደጋ አየር ስስ መሆኑም ይጨምርበታል፤ ስስ አየር ብልጭታን የሚከለክልበት አቅም ያነሰ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ዝም የሚል ስንጥቅ እዚህ ይጮኻል። ሹል ሽታ፣ የሚያፏጭ ድምፅ፣ በጨለማ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ካለ ዕቃው ይጠፋ። የቱቦው ቻርጅ ከወጣ በኋላ ቆቡና ዙሪያው በንጹሕ አልኮል ይጠረግ፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይብራ። ፍላይባኩ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ በፕላስተር መሸፈን እሳት መጋበዝ ነው፤ ይለወጥ።

ቱቦው በእውነት የሚሞትበት ጊዜም አለ። ሲበራ ጨለማ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ እየበራ ይመጣል፤ ነጭ መሆን የነበረበት ፊት እንደ ብር ያብለጨልጫል። ካቶዱ አልቋል። የማሞቂያውን ቮልት ከፍ አድርጎ ጥቂት ወር ማሰንበት ይቻላል፤ እኔ ግን ለባለቤቱ እውነቱን ነግሮ ገንዘቡን ለሌላ ዕቃ እንዲያስቀምጥ ማድረግን እመርጣለሁ። የሞተውን ቱቦ ሰብሮ ሜዳ መጣል ግን ትልቅ በደል ነው፤ የከለር ቱቦ የጀርባ መስተዋት ከአምስት አንድ እጁ ወይም ከዚያ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። ልጆች በማይደርሱበት፣ ከምንጭና ከጓሮ በራቀ ደረቅ ቦታ ሳይሰበር ይቀመጥ፤ ከውስጡ ዮኩን፣ ትራንዚስተሩንና ደህናዎቹን ካፓሲተሮች አውጥቶ ለሌላ ዕቃ ማዋል ይቻላል።

የተጠገነ ቴሌቪዥን ምስሉ ስለተመለሰ ብቻ ለባለቤቱ አይሰጥም። ጀርባው ተዘግቶ ሦስት አራት ሰዓት ይሥራ፤ የሚሰነጠቅ ብየዳ የሚታወቀው ሲግል ነው። ከዚያ ጠፍቶ ይደር፤ ማለዳ፣ ሱቁ ገና ሳይሞቅ፣ እንደገና ይብራና የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በደንብ ይታይ። ደህና ከሆነ የተለወጠው ዕቃና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ከጀርባ ክዳኑ በስተውስጥ ይለጠፍ፤ ነገ የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ያነበዋል።